ሐኪሙ «ብላ» እንጂ «ጠጣ» አላሉትም

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ 43 ዓመቱ ነው፤ ምሳውን ያለ ለስላሳ በልቶ አያውቅም። ከሁለት ወር በፊት ሲመረመር በባዶ ሆዱ ስኳሩ 118 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ‹ገና ስኳር አልያዘህም፤ ግን ደጃፉ ላይ ቆመሃል። ለስላሳ ተው፣ ፍራፍሬ ብላ፣ ተንቀሳቀስ› አሉት። እኔም በማግስቱ ለስላሳ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም ብዬ አወጅኩ። በምትኩ 100 ፐርሰንት ተፈጥሯዊ፣ ስኳር ያልተጨመረበት የሚል የታሸገ ጁስ በካርቶን ገዛሁ። ዋጋው የለስላሳውን ሦስት እጥፍ ነው፤ ለጤናው ነው ብዬ ቻልኩት። አሁን በቀን ሁለት ጠርሙስ ይጠጣል። ቀንስ ስለው ‹ፍራፍሬ እኮ ነው፤ ደሞ አንቺ አይደለሽ ያመጣሽው?› ይለኛል። የሁለት ዓመቷ ልጃችንም ለምዳው ማታ ማታ በጡጦ ካልተሰጠኝ ብላ ታለቅሳለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ያ ጁስ ከለስላሳ አይሻልም፤ ዜሮ ስኳር የሚለውን ግዢ› አለችኝ። የቱን ልግዛ? ካርቶኑ ውስጥ ገና ስምንት ጠርሙስ አለ።

ግራ የገባኝ ሚስት»

ልጄ፣ ባልሽ «አንቺ አይደለሽ ያመጣሽው?» ሲልሽ ፊቱ ታየኝ። የኔም ሰውዬ እንደዚያው ነው። ያሸነፈ ሲመስለው አንድ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል።

ለስላሳውን ማስቀረትሽ ልክ ነበር። የተሳሳትሽው አንድ ቦታ ነው፤ እሱም ላይ ብቻሽን አይደለሽም። ሐኪሙ ምን አሉት? ፍራፍሬ ብላ። ብላ ነው ያሉት፣ ጠጣ አላሉም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚች የአንዲት ቃል ማብራሪያ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ሰፈሬ ወዳለው ሱፐርማርኬት ሄድኩ። መነጽሬን ቤት ረስቼው ስለነበር መደርደሪያ የምታስተካክለውን ልጅ «እስቲ የኔ ልጅ፣ የነዚህን ጀርባ አንብቢልኝ» አልኳት። ሦስት ጠርሙስ አነበበችልኝ። የሦስቱም ፊት አንድ ዓይነት ነው፤ የተቆረጠ ፍሬ፣ ጠብ የሚል ውሃ፣ አረንጓዴ ቅጠል። ጀርባቸው ግን ለየቅል ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው «የማንጎ ጁስ ድሪንክ» ይላል። ከሥሩ የተዘረዘረው ውሃ፣ ስኳር፣ ከዚያ የተፈጨ ማንጎ ነው። ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው በክብደት የሚበልጠው መሆኑን ልብ በይ። ስኳሩ ከማንጎው ከቀደመ፣ የገዛሽው ማንጎ የሸተተው ስኳር ውሃ ነው። ሁለተኛው «ኔክታር» ይላል። ስሙ ያምራል። ኔክታር ማለት ጭማቂ ወይም የተፈጨ ፍሬ በውሃ ቀጥኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ተጨምሮበት ማለት ነው። ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ መሠረት የማንጎም ሆነ የዘይቱና ኔክታር ቢያንስ 25 በመቶ ፍሬ ይኑረው እንጂ ሌላው ውሃና ስኳር ቢሆን ስሙን አያጣም።

ሦስተኛው ያንቺ ዓይነት ነበር። «100% የብርቱካንና የአፕል ጁስ፣ ስኳር ያልተጨመረበት።» ዝርዝሩ ውስጥ ስኳር የሚል ቃል የለም፤ አልዋሹም። ወረድ ብሎ ግን ደቃቃ ሠንጠረዥ አለች፤ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር ትላለች። ጠርሙሱ 300 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ 30 ግራም።

«ማዘር፣ ስኳር የለበትም ይል የለ እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ።

አልተጨመረበትም ነው የሚለው። የለበትም አይልም።

ጠርሙሱን ገዝቼ ቤት ገባሁ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አንዲት የስኒ ማስቀመጫ ሳህን አወጣሁና ስኳር በሻይ ማንኪያ እየለካሁ መድፋት ጀመርኩ። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ይይዛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ተኩል። ክምሩ ከሳህኗ ጠርዝ ላይ ወደ ጠረጴዛው መፍሰስ ጀመረ። ሰውዬዬ ገባና «ምንድን ነው፣ ኬክ ልትሠሪ ነው?» አለ። ጠርሙሱን አሳየሁት። አንዴ ጠርሙሱን፣ አንዴ ሳህኗን አየና ዝም ብሎ ወጣ። ቡናዬ ላይ ሁለተኛ ማንኪያ ስጨምር «ምነው በዛ!» የሚለኝ እሱ ነው እንግዲህ።

የባልሽ ሁለት ጠርሙስ እንደዚህ ከሆነ በቀን አሥራ አምስት ማንኪያ ነው። ጓደኛሽ በስኳሩ በኩል ብዙም አልተሳሳተችም። ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ንጹሕ የብርቱካን ጁስ ከ8 እስከ 9፣ የአፕል ከ10 እስከ 11 ይሆናል። የወይን ጁስ ደግሞ ወደ 15 ይጠጋል፤ ኮላን ይበልጠዋል። ልዩነቱ የብርቱካኑ ጁስ ቫይታሚን ሲም ፖታሺየምም አለው፣ ለስላሳው ምንም የለውም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ባልሽን ደጃፉ ላይ ያቆመው የቫይታሚን ሲ እጥረት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የስኳር መመሪያ እዚህ ላይ ጭክን ያለ ነው። ማርን፣ ሽሮፕንና የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር ከስኳር ዕቃው ከሚዘገነው ጋር በአንድ መዝገብ ያሰፍራቸዋል። ለአንድ ጎልማሳ ሁሉም ተደምሮ በቀን ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ብርቱካኑ ራሱ ውስጥ ያለውን ስኳር ግን እዚያ መዝገብ ውስጥ አልጻፈውም።

ለምን? አንድ መካከለኛ ብርቱካን 12 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ፋይበር የሚሉት አሰር ደግሞ 3 ግራም ገደማ። 300 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ለማውጣት አራት ብርቱካን ያስፈልግሻል። እስቲ ምሳ ላይ ለባልሽ አራት ብርቱካን አቅርቢለት። ይልጣል፣ ነጩን ይነቅላል፣ ፍሬውን ይተፋል፤ ሁለተኛውን እንደጨረሰ እጁን ይታጠባል። ጠርሙሱን ግን ሽሮው ሳይጋመስ ይጨርሰዋል። ማኘኩም፣ አሰሩም ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋሉ፤ ሆድም ጠገብኩ ይላል። ጁስ ግን ውሃ ነው፤ ሆድ ከምግብ አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ187 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ፍሬውን በተለይ ወይን፣ አፕልና ብሉቤሪ አዘውትረው የሚበሉት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር የሚይዛቸው ቀነስ ብሎ፣ ጁስ አዘውትረው የሚጠጡት ደግሞ ከፍ ብሎ ነው ያገኙት። ያው ፍሬ ነው፤ አንዱ ይታኘካል፣ አንዱ ይጠጣል።

«እቤት ብጨምቅለትስ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ከጨመቅሽውና አሰሩን ከጣልሽው ያው ነው። ጁስ ቤትም ብትሄዱ አትዘናጊ። አቮካዶ ራሱ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስኳሩን የሚያመጣው ሰውየው ብሌንደሩ ውስጥ የሚጨምረው ማንኪያ ነው፤ ስፕሪስ ካዘዛችሁ ደግሞ ከላይ የሚንቆረቆረው ቪምቶ አለ። በጾም ቀን «ምንም አልበላሁ፣ ጁስ ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ ያስቁኛል። «ያለ ስኳር፣ በሎሚ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። አስተናጋጁ ሁለቴ ይጠይቅሻል፤ ሁለቴ መልሺለት።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ዜሮ ስኳር ልምጣ። እሱንም ገዝቼ ቀመስኩት፤ ሳልቀምስ አልመክርም። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነው። ከዚያ ምላስ ሥር የሚቀር አንድ ጣፋጭ ነገር አለ፤ ውሃ ብትጠጪበትም አይለቅም። የልጅ ልጄ አንዴ ጎንጨት አለና «አያቴ፣ የሳል ሽሮፕ ነው?» አለኝ። ጀርባውን ሳየው ሱክራሎዝ ይላል፤ በስኳር ፈንታ የሚገባ ማጣፈጫ ነው። ሌላው ላይ ስሙ ሳይጻፍ ኢ 955 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያው ነው። ኢ 951 አስፓርቴም፣ ኢ 960 ደግሞ ከስቴቪያ ቅጠል የሚወጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እነዚህን ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትተማመኑባቸው ብሏል። እኔ ምን እላለሁ? ባልሽ ለስላሳ ካላገኘ ቤት የሚያፈርስ ሰው ከሆነ፣ ለጥቂት ሳምንት መሸጋገሪያ ይሁነው። ከስኳሩ ይሻላል። ግን ምላሱ ጣፋጭ መፈለጉን አይተውም፤ የማትፈልጊው ደግሞ እሱን ነው። ለልጅቷ አይሆንም።

ስለ ልጅቷ ጠንከር ብዬ ልናገር። ከሁሉም ያሳሰበኝ የሷ ጡጦ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጁስ ጭራሽ አይስጠው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለው በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ እሱንም በኩባያ እንጂ በጡጦ አይሁን፣ በተለይ በመኝታ ሰዓት ይላል። ጡጦውን አፏ ውስጥ አድርጋ ስትተኛ ያ ጣፋጭና ኮምጣጣ ነገር ሌሊቱን ጥርሷ ላይ ነው የሚያድረው። ነገ ጠዋት የላይኛ ከንፈሯን ከፍ አድርገሽ የፊት ጥርሶቿን እዪልኝ። ድድ ሥር ነጣ ያለ ወይም ቡናማ መስመር ካለ የጥርስ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እስከዚያው ጡጦው ውስጥ ያለውን በየማታው በውሃ አቅጥኚው፤ መጀመሪያ ሩቡን ውሃ፣ ከዚያ ግማሹን፣ በሳምንት ውስጥ ውሃ ብቻ ይሆናል። ታለቅሳለች። ሁለት ሦስት ሌሊት ታለቅሳለች። ማንጎ ደግሞ በቀን፣ በእጇ፣ ልብሷን አቆሽሻ ትብላ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። እንደኔ እንደኔ ባልሽ የለመደው ስኳሩን ብቻ አይደለም። በርበሬ በበዛበት ወጥ ላይ ቀዝቃዛ ነገር፣ ጉሮሮ የሚቆነጥጥ ጋዝ፣ ጭስስስ የሚል የጠርሙስ ክዳን፤ ይሄን ነው የለመደው። አንቺ በአንድ ቀን አዋጅ ወሰድሽበትና ጋዝ የሌለው ጣፋጭ ሰጠሽው። አንድ ጠርሙስ ስላላረካው ሁለት ጠጣ። ስለዚህ ጋዙን መልሺለት። አምቦ ውሃ ቀዝቀዝ አድርገሽ፣ ግማሽ ሎሚ ጭመቂበት። ሎሚ ብቻ ኮመጠጠኝ ካለ ከጁሱ አንድ የአረቄ መለኪያ ጨምሪለት። እሱ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ 5 ግራም ስኳር ገደማ፣ ከአንድ ማንኪያ ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ቀለሙ ያምራል፣ ጋዝም አለው፣ ጭስስስም ይላል። እኔ ቤት የሠራው ይሄ ነው። ለለውጥ ደግሞ ከርከዴ በቀረፋ አፍልተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፤ ያለ ስኳር መልመድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል እንጂ ይለመዳል።

ሌላው ነገር አነጋገሩ ነው። «ቀንስ» ያልሽው ምሳ ላይ፣ ልጆቹ ፊት ከሆነ፣ እኔም ብሆን ሦስተኛውን ጠርሙስ እከፍት ነበር። ሳህን፣ ማንኪያና የስኳር ዕቃ ይዘሽ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጠርሙሱን ስጪው። «እስቲ ይሄን አንብብልኝ፣ ጽሑፉ ደቃቃ ነው» በይው። ሒሳቡን እሱ ያውጣው። ስኳሩንም እሱ ይስፈረው። አንቺ ምንም አትበይ። «እኔው ነኝ ያመጣሁት፣ ተሳስቼ ነው» ካልሽው ደግሞ ያ ቅንድብ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

118 ግን እንዲያስደነግጣችሁ አልፈልግም፤ እንድትረሱትም አልፈልግም። በአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መስፈርት በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ነው። ከደጃፉ ተመልሶ መምጣት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ እንደ ባልሽ ያሉ ሰዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስ የተነሱ ሰዎች ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ነው የቀነሰው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ቢወርድ የአዲስ አበባ ዳገት ሌላውን ይጨርሰዋል። ቀጠሮውን ጠብቆ መመርመሩን ግን ሐኪሙ እንዳሉት ያድርግ፤ የኔ ዓምድ ላቦራቶሪ አይደለም።

የቱን ልግዛ ላልሽው፣ በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ የትኛውንም አትግዢ። አልፎ አልፎ ከሆነ ያው ያንቺው 100 ፐርሰንቱ ይሁን፤ ትንሹን ጠርሙስ፣ ከምግብ ጋር፣ በትንሽ ብርጭቆ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለጎልማሳም ጁስና ስሙዚ ተደምሮ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር አይለፍ ይላል፤ የጠርሙሱ ግማሽ ነው። «ከኮንሰንትሬት የተዘጋጀ» የሚለው አያስደንግጥሽ፤ ለማጓጓዝ ውሃው ተንኖለት በኋላ ውሃ የተመለሰለት ነው፣ ስኳሩ ያው ነው። ግሬፕፍሩት ያለበትን ግን፣ ባልሽ ወይም ወላጆቻችሁ የኮሌስትሮል ወይም የደም ግፊት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳትጠይቂ አትግዢ፤ ከአንዳንዶቹ መድኃኒቶች ጋር አይስማማም።

ስምንቱን ጠርሙስ አትድፊያቸው፣ ገንዘብ ወጥቶባቸዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ዘመድ ካላችሁ አንዱን ስጪው፤ ስኳሩ ድንገት ወርዶ ላብ ላብ ሲለው ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ለሱ መድኃኒት ነው። ሰባት ቀሩ። አንዱን ስትከፍቺ ፍሪጅ ውስጥ አድርጊና በሦስት ቀን ጨርሱት። በአረቄ መለኪያ ከሆነ አንድ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ያወጣል፤ ለአንቺ ሦስት፣ ለሱ ሦስት። ሰባቱ ሃያ አንድ ቀን ያደርሷችኋል። ካለቁ በኋላ ሌላ መግዛት ካማረው ሱፐርማርኬት እሱ ራሱ ይሂድ። መነጽሩን እንዳይረሳ ብቻ።